ባትሪ የሌለው ሴንሰር ኮንክሪት ውስጥ ቀብሮ ያየ ሰው አለ?

የፌሮ_ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል እባካችሁ ታገሱኝ። ስራዬ የድልድይ ፍተሻና ጥገና ነው፣ አሁን አንድ አዲስ የኮንክሪት ድልድይ ሊሰራ ስለሆነ ከመሞላቱ በፊት ውስጡ ሴንሰር እንቅበርበት ተባለና የቱ ይሻላል የሚለውን አጥንቼ እንዳቀርብ ለኔ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኛል ግን ፈርቻለሁም፣ ምክንያቱም አንዴ ከተሞላ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብሎ ነገር የለም።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ በፊት በነበርኩበት ፕሮጀክት ባትሪ ያለው ገመድ አልባ ሴንሰር ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ውስጥ ቀብረን ነበር። መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ይል ነበር፣ በየ15 ደቂቃው የኮንክሪቱ ሙቀት ስልኬ ላይ ይመጣል፣ ጥንካሬው የት እንደደረሰ ከሙቀቱ አስልተን ካዛፎርማው (የኮንክሪቱ ቅርጽ መያዣ) መቼ እንደሚነሳ እንወስናለን፣ ሁሉም ሰው ወዶት ነበር። ሁለት አመት ካለፈ በኋላ ግን አንድ በአንድ ዝም ማለት ጀመሩ፣ ሦስተኛው አመት ሳያልቅ ከ12ቱ አንድም የሚናገር አልቀረም። ባትሪ እንቀይር እንዳይባል ኮንክሪቱ መሰበር አለበት፣ ጤናውን ልጠብቅለት ብለህ የቀበርክበትን አካል ራስህ ልታቆስለው ማለት ነው። ድልድይ 80 እና 100 አመት እንዲያገለግል ተብሎ ነው የሚሰራው፣ ጠባቂው ግን በሦስት አመቱ ሞተ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚ ሰሞኑን ባትሪ ስለሌላቸው ሳነብ ነው የሰነበትኩት። የገባኝ እንዲህ ነው፣ ሴንሰሩ በራሱ ምንም ጉልበት የለውም፣ ሪደር (ማንበቢያ መሳሪያ) ይዘህ ስትጠጋው ከሪደሩ ሞገድ ጉልበት ወስዶ ይነቃና የለካውን ይነግርሃል፣ ስትሄድ ተመልሶ ይተኛል። ያልገባኝ ግን ብዙ ነው። እርጥብ ኮንክሪትና ያን ሁሉ ፌሮ አልፎ እውነት ይሰራል ወይ? ምን ያህል ጥልቀት ድረስ? ደግሞስ ምን ቢለካልኝ ነው የሚጠቅመኝ፣ ሙቀት ነው፣ እርጥበት ነው፣ ስትሬይን ማለትም የኮንክሪቱ መለጠጥና መጨማደድ ነው፣ ዝገት ነው?

ከሁሉም በላይ አለቃዬ «ድልድዩ ሊወድቅ ሲል ይነግረናል አይደል» እያለ ነው የሚጠይቀኝ፣ ምን ብዬ ልመልስለት? እሱ የሚያስበው በ2018 ጄኖዋ ላይ የወደቀውን ድልድይ ነው፣ 43 ሰው የሞተበትን። እዛ ድልድዩን አንጠልጥለው የያዙት ገመዶች ኮንክሪት ለብሰው ስለነበር ውስጣቸው የቱን ያህል በዝገት እንደተበላ በአይን አይታይም ነበር። እኔም ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። የምታውቁ እርዱኝ።

ሞገድ፦

ሰላም እህቴ፣ እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ ኮንክሪት ብዙም አላውቅም፣ ግን ከሲቪል ልጆች ጋር እንዲህ አይነት ታጎች (ቺፕና አንቴና ያላቸው ባትሪ አልባ ሴንሰሮች) ቀብረን ስለሞከርን በሞገዱ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሀሳቡ አዲስ እንዳይመስልሽ። በ1945 ሶቪየቶች ሞስኮ ለነበረው የአሜሪካ አምባሳደር ከእንጨት የተፈለፈለ የሀገሩን ማህተም በስጦታ ሰጡት፣ ውስጡ ሌቭ ቴሬሚን የሰራው የስለላ ማዳመጫ ነበረበት፣ ባትሪ የለው ሽቦ የለው። ከውጭ ሞገድ ሲላክበት ብቻ ነው የሚሰራው፣ ካልተላከበት ዝም ያለ እቃ ነው። በ1952 እስኪገኝ ድረስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ኖረ። ባትሪ ቢኖረው ኖሮ ያን ያህል ባልቆየ። አንቺ የምትፈልጊውም ይሄንኑ ነው፣ ለብዙ አመት ዝም ብሎ የሚቀመጥና ሲጠሩት የሚመልስ።

አሰራሩን ደግሞ ልጆች ሆነን በመስታወት ስባሪ ፀሐይ እያንጸባረቅን ሩቅ ያለ ጓደኛችን ፊት ላይ እንደምናበራው አስቢው። ፀሐይዋ የኛ አይደለችም፣ እኛ መስታወቱን ማዞር ብቻ ነው ስራችን። ታጉም የራሱን ሞገድ አይፈጥርም፣ የሪደሩን ሞገድ ነው አንዴ መልሶ አንዴ ውጦ እየቀያየረ ቁጥሩን የሚናገረው፣ ለዛ ነው በጣም ትንሽ ጉልበት የሚበቃው።

ቁጥሩን እንየው። ዩኤችኤፍ የሚባሉት ታጎች ከ860 እስከ 960 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የሚሰሩት። ሪደሩ ከነአንቴናው 4 ዋት ያህል ይላክ፣ በአሜሪካ ህግ የተፈቀደው ጣሪያ እሱ ነው። አየር ላይ ምንም ሳይከልለው 5 ሜትር ርቆ ያለ ታግ ጋር የሚደርሰው 100 ማይክሮዋት ገደማ ነው፣ ከላክሽው ከ40 ሺ አንዱ ማለት ነው። ቺፑ ለመንቃት 10 ማይክሮዋት ቢፈልግ እስካሁን ችግር የለም። አሁን ኮንክሪቱን ጨምሪበት፣ እርጥብ ነው፣ ከመቶ አንዱን ብቻ አሳለፈ እንበል፣ ታጉ ጋ 1 ማይክሮዋት ደረሰ፣ በቃ አይነቃም። ተስፋ አትቁረጪ ግን፣ ከ5 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብትጠጊ ጉልበቱ 25 እጥፍ ይሆናል፣ 25 ማይክሮዋት፣ ይነቃል። ስለዚ ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ይሰራል ነው፣ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ የምታነቢው ሳይሆን ድልድዩ ስር ገብተሽ ሪደሩን ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ የምታነቢው ነገር ነው። እጅ ላይ የሚያዘው ሪደር ደግሞ ጉልበቱ ከዚህ ያንሳል፣ ቺፑም ሴንሰር ሲጨመርበት የሚፈልገው ይበዛል፣ ሂሳቡን ስትሰሪ ወደ ጠባቡ አድርጊው።

ሌላው አማራጭ 13.56 ሜጋኸርዝ ነው፣ ስልክ ላይ ያለው ኤንኤፍሲ የሚጠቀምበት። እሱ በማግኔት ነው የሚሰራው፣ እርጥበት ብዙም አያስቸግረውም፣ ግን ርቀቱ በሴንቲሜትር ነው የሚቆጠረው፣ ፌሮ ሲጠጋውም ይደክማል።

ውሃውን ግን እንደ ጠላት ብቻ አትዪው። አንድ ነገር የኤሌክትሪክ መስክን ምን ያህል እንደሚያዳክም የሚነግር ቁጥር (ፐርሚቲቪቲ) አለ፣ የውሃ 80 አካባቢ ነው፣ የደረቅ ኮንክሪት 5 ገደማ። ኮንክሪቱ እርጥበት ሲይዝ የታጉ አንቴና የሚስማማበት ፍሪኩዌንሲ ወደ ታች ይወርዳል፣ ያንን መውረድ ለክተሽ እርጥበቱን ታውቂያለሽ። ያስቸገረሽ ነገር ራሱ መለኪያ ሆነልሽ ማለት ነው፣ እኔ በግሌ ከዚህ ሁሉ ነገር የምወደው ይሄንን ነው።

የፌሮ_ልጅ፦

ሞገድ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የመስታወቱ ነገር ቁልጭ አድርጎ ነው ያስገባልኝ። እና ታጉን የት ላስቀምጠው? ፌሮው ላይ ልሰረው ወይስ ከፌሮው ፊት ከቨሩ ውስጥ፣ ማለትም ፌሮውን ከውጭ በሸፈነው ኮንክሪት ውስጥ?

ሞገድ፦

ፌሮው ላይ ቀጥታ አትሰሪው! ብረት ላይ የተለጠፈ ተራ አንቴና ድምፁ ይታፈናል። ከፌሮው ወደ ውጭ በኩል፣ ቢያንስ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ፣ ከቨሩ ውስጥ ይሁን። ከፌሮ መረቡ ጀርባ ከሆነ ደግሞ ሞገዱ መረቡን አልፎ መግባት፣ አልፎ መውጣት አለበት፣ ሁለቴ ይቀጣል።

ጋሽ_ካዛፎርማ፦

ልጆች፣ ሳነባችሁ ቆይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። 30 አመት ሳይት ላይ ነው የኖርኩት፣ ስለ ሞገድ አልከራከርም፣ ስለ ሙሌት ግን ስሙኝ።

ከቨር ማለት እኮ የፌሮው ቆዳ ነው። 5 ሴንቲ ከቨር አለን ብላችሁ እዛ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ስፋት ያለው ፕላስቲክ ብትከቱበት ቆዳው ላይ ቀዳዳ እንደመክፈት ነው፣ ውሃ በፕላስቲኩ ጠርዝ እየተከተለ ይገባል። ሌላም አለ፣ ጠጠሩ 20 ሚሊ ከሆነና በታጉና በፌሮው መሀል የተዋችሁት ክፍተት 15 ሚሊ ከሆነ ጠጠሩ አያልፍም፣ አፉ ላይ ይቆማል፣ ከኋላው ባዶ ይቀራል። ላዩን ስታዩት የሚያምር ኮንክሪት ነው፣ ውስጡ ግን የንብ እንጀራ ነው። ከዛ ሴንሰራችሁ እርጥበት አለ ብሎ ይነግራችኋል፣ አዎ አለ፣ እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት። ስለዚህ ክፍተቱ ከትልቁ ጠጠር በደንብ ይብለጥ፣ ታጉ ትንሽ ይሁን፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ከላይ የሚፈሰውን ኮንክሪት እንዳይዘጋ በጎኑ ቁመቱን ይዞ ይቁም።

ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያስተኛውን ቫይብሬተር ደግሞ አትርሱ። ልጁ ሲያስገባው ሴንሰር አለ ብሎ አይደለም የሚያስገባው፣ ኮንክሪቱ እንዲወርድለት ነው፣ ስራውም እሱ ነው። በደማቅ ቀለም ምልክት አድርጉለትና ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ሰራተኛውን ሁሉ ሰብስባችሁ አሳዩት፣ እዚህ ጋ አታስገባ በሉት፣ ለምን እንደሆነም ንገሩት፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ይጠነቀቃል። ልጄ አንቺ ራስሽ ደግሞ ሪደሩን ይዘሽ እዛው ቁሚ። ታስሮ ካለቀ በኋላ አንብቢ፣ ኮንክሪቱ ሲሸፍነው አንብቢ፣ ቫይብሬተር ሲወጣ አንብቢ። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለዚህ ስራ ይመስለኛል፣ የተፈናቀለ ታግ እጅ ገብቶ የሚስተካከለው ከመጥናቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ነው።

የመጨረሻው፣ ቦታውን ለኩ። «ከምሰሶው አጠገብ» ብሎ መጻፍ አይሆንም፣ ከማይንቀሳቀስ ነገር ተነስታችሁ በሦስት አቅጣጫ ለክታችሁ ጻፉ፣ ሜትሩ ተዘርግቶበት ፎቶ አንሱ። ከ20 አመት በኋላ የሚመጣው ልጅ የት እንዳለ ካላወቀ እንዳልተቀበረ ቁጠሩት።

ሞገድ፦

ጋሼ ስለ ከቨሩ ያሉት ልክ ነው፣ አንቴናውን ብቻ ሳስብ ኮንክሪቱን ረስቼው ነበር። በሰፊው ታግ ፈንታ ቀጭንና ረጅም፣ ጣት የሚያህል ታግ መጠቀም ይቻላል፣ ርቀቱ ትንሽ ይቀንሳል ግን እሷ ተጠግታ ስለምታነብ ችግር የለውም። የእርጥቡ ኮንክሪት ንባብ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ኮንክሪቱ ሲሸፍነው ዝም ሊል ይችላል፣ እሱ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፣ ውሃው ነው። ስለዚ ካንዱ ታግ ብቻ ተነስታችሁ ኮንክሪት እንዳትቆፍሩ።

ዝገት_አዳኝ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ እስካሁን ሁላችሁም «እንዴት እናንብበው» ላይ ነው ያላችሁት፣ «ምን ይለካ» የሚለውን ማንም አልመለሰላትም፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

ፌሮ ኮንክሪት ውስጥ የማይዝገው ኮንክሪቱ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ነው፣ ፒኤቹ ከ12.5 በላይ ነው፣ በዛ ውስጥ ብረቱ ላይ በጣም ስስ የሆነ መከላከያ ልባስ ይፈጠራል። ይሄን ልባስ ሁለት ነገር ያፈርሰዋል፣ አንደኛው ከውጭ እየሰረገ የሚገባ ጨው ማለትም ክሎራይድ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ፒኤቹን ወደ 9 እና ከዛ በታች ሲያወርደው ነው። ከዛ ዝገት ይጀምራል፣ ዝገት ደግሞ ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፣ ያ ማበጥ ነው ኮንክሪቱን ከውስጥ ሰንጥቆ የሚጥለው። በአይን ስንጥቅ ባየሽ ሰአት ብረቱ ቀድሞ ተበልቷል። ስለዚ የምትፈልጊው መረጃ «ፌሮው ዝጓል» አይደለም፣ «ጠላት ወደ ፌሮው እየመጣ ነው፣ እዚህ ደርሷል» የሚል ነው።

ይሄን ለማወቅ የምወደው መሰላል የምለው አቀማመጥ ነው። ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ከኮንክሪቱ ፊት ጀምሮ በተለያየ ጥልቀት ታስቀምጫለሽ፣ በ10 ሚሊ፣ በ20፣ በ30፣ በ40፣ ፌሮው በ50 ላይ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ባትሪ አልባ ታግ ወይም ሰርኪዩት ጋር ተያይዟል። ጨው 10 ሚሊ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ሽቦ ይዝጋል፣ ቀጭን ስለሆነ ተበልቶ ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ሰርኪዩቱ የሚመልስልሽ ነገር ይቀየራል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ሀሳብ የሰሩት ሴንሰር አለ፣ ኮይል (የተጠቀለለ ሽቦ) እና ካፓሲተር (ቻርጅ ማከማቻ) ያለው ሰርኪዩት ከውጭ በሚጠጋ ኮይል ይነበባል፣ ውስጡ ያለው ሽቦ በዝገት ሲቆረጥ ሰርኪዩቱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል። ባትሪ የለም፣ ቺፕ እንኳን የለም፣ ስለዚ የሚሞት ነገር በጣም ጥቂት ነው።

አሁን ልብ በይ፣ የዚህ ትልቁ ነገር ምንድነው፣ ማንም በማያነብበት ጊዜ እንኳን ያስታውሳል። ሽቦው ጥቅምት ላይ ተቆርጦ አንቺ ሰኔ ላይ ብትመጪ የተቆረጠ ሽቦ መልሶ አይገጥምም፣ ታገኚዋለሽ። ሙቀትና ስትሬይን ግን እንዲህ አይደሉም፣ ባላነበብሽበት ሰአት የነበረው ሁሉ አልፏል፣ ጠፍቷል። ባትሪ የሌለው ሴንሰር ስትመርጪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄ ይሁን፣ የምለካው ነገር ሳልኖር ይጠብቀኛል ወይ?

ሌላው የመሰላሉ ጥቅም ጊዜ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የሚደርስበት ጥልቀት ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው፣ የጨውም በግርድፉ እንደዛው ነው። ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። የ10 ሚሊው ሽቦ በ4 አመት ቢቆረጥ የ20ው በ16 አመት አካባቢ ነው የምትጠብቂው፣ የ30ው በ36፣ ፌሮው ጋ 50 ላይ በ100። ግን የ20ው በ9 አመት ከተቆረጠ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ስንጥቅ አለ፣ ወይ ውሃ የሚያፈስ መገጣጠሚያ አለ፣ ወይ ጋሼ እንዳሉት ባዶ ቦታ አለ። ያኔ ገና 30 ሚሊ ጤነኛ ኮንክሪት ከፌሮው ፊት እያለሽ ላዩን በመሸፈን ብቻ ልታድኚው ትችያለሽ። ይሄ ነው እኔን ደስ የሚያሰኘኝ፣ ጥገናው ትንሽ በሚሆንበት ሰአት ማወቅ።

ጋሽ_ካዛፎርማ፦

ይቺን መሰላል ወደድኳት። ሽቦዎቹ ግን በሙሌት ጊዜ እንዳይጎብጡ፣ የ10 ሚሊው ጎብጦ 25 ላይ ቢቀመጥ የ100 አመት ሂሳባችሁ በሙሉ ውሸት ይሆናል። በጠንካራ ፕላስቲክ ወይም በሞርታር ብሎክ ላይ ቀድማችሁ ሞልታችሁ ይግባ።

ዝገት_አዳኝ፦

ትክክል ጋሼ፣ ግን ቀድሞ የተሞላው ብሎክ ከዋናው ኮንክሪት ጋር ተመሳሳይ ካልሆነ ጨው በብሎኩ ውስጥ በሌላ ፍጥነት ነው የሚሄደው፣ ሴንሰሩ ስለራሱ ብሎክ ይነግራችኋል እንጂ ስለ ድልድዩ አይነግራችሁም። እኔ ሽቦዎቹን በጠንካራ ጥርስ ባለው መያዣ አስይዤ ዙሪያቸው ዋናው ኮንክሪት እንዲሞላ ነው የምመርጠው።

ዳታ_ሎገር፦

ሁሉም ያላችሁት ጥሩ ነው፣ ግን የአለቃዋ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። «ሊወድቅ ሲል ይነግረናል ወይ» ነው ያለው፣ መልሱ አይነግርም ነው፣ እህቴ ይሄን በግልጽ ንገሪው፣ ለስለስ አድርገሽ አትለፊው።

ባትሪ የሌለው ታግ ሲጠየቅ ብቻ ነው የሚናገረው። ሌሊት 9 ሰአት ላይ አንድ ነገር ቢበጠስ ሪደር የያዘ ሰው ከጎኑ ከሌለ ማንንም አይቀሰቅስም። በመስከረም 2024 ድሬስደን ላይ ካሮላ የሚባለው ድልድይ በከፊል ሲወድቅ ሌሊት ነበር፣ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ምክንያቱ ውስጥ ያሉት የተወጠሩ ብረቶች በዝገት ምክንያት መሰነጣጠቃቸው ነበር። እንደዛ አይነቱን፣ የተወጠረ ሽቦ ሲበጠስ የሚያሰማውን ድምፅ፣ ለመያዝ ሁልጊዜ የነቃ የሚያዳምጥ መሳሪያ ያስፈልጋል፣ ሁልጊዜ የነቃ ማለት ደግሞ መብራት ወይም ባትሪ ወይም ሶላር ያለው ማለት ነው። ሚኒያፖሊስ ላይ በ2007 አንድ ድልድይ ወድቆ 13 ሰው ከሞተ በኋላ በ2008 በቦታው የተሰራው አዲሱ የኮንክሪት ድልድይ ውስጥ ከ300 በላይ ሴንሰር ነው ያስገቡት፣ በሽቦ ተያይዘው ጉልበት የሚያገኙ ናቸው እንጂ ባትሪ አልባ አይደሉም።

ስትሬይን ላይም ላስጠንቅቅሽ። ኮንክሪት ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ሙቀት 10 ማይክሮስትሬይን (ከርዝመቱ ከሚሊዮን 10 እጅ) ያህል ይለጠጣል። በመሳብ ለመሰንጠቅ ደግሞ የሚበቃው 100 ማይክሮስትሬይን አካባቢ ነው። ስለዚ ጠዋት አንብበሽ ከሰአት ብታነቢና በመሀል ኮንክሪቱ 10 ዲግሪ ቢሞቅ ድልድዩ የተሰነጠቀ የሚያህል ቁጥር ታያለሽ፣ ምንም ሳይሆን። በአመት ሁለቴ እየሄዱ በሚነበብ ታግ ስትሬይን መከታተል ከንቱ ድካም ነው የሚሆነው፣ አጠገቡ ሙቀቱን የሚለካ ከሌለ በጭራሽ አታስቢው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው፣ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ዝገትና እርጥበት ለባትሪ አልባው ልስጥ፣ ድንገት የሚመጣውን ደግሞ ውጭ ላይ ተሰቅሎ ባትሪው ሊቀየር ለሚችል ነገር። ኮንክሪት ውስጥ ሊቀየር የማይችል ባትሪ አለማስገባት ነው ህጉ።

ሞገድ፦

በዚህ እስማማለሁ፣ ግን አንድ መሀል ላይ ያለ መንገድ አለ። ሪደሩን ራሱ ድልድዩ ስር ከውጭ በሶላር አድርጎ ቋሚ መስቀል ይቻላል፣ በቀን አንዴ ነቅቶ በአቅራቢያው የተቀበሩትን ታጎች ያነባል፣ ሪደሩ ሲበላሽ ትቀይሪዋለሽ፣ የተቀበረው አይነካም።

ዳታ_ሎገር፦

ጥሩ ነው፣ እሱም ቢሆን ግን በቀን አንዴ ነው የሚያየው። ዝገትን እንጂ መበጠስን አይዝም፣ ያንን ብቻ ለአለቃዋ እንዳታሳስቱባት።

የፌሮ_ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ለአለቃዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ ታዲያ ምን ያደርግልናል አለኝ፣ የመሰላሉን ሂሳብ ወረቀት ላይ ስሰራለት ግን ዝም ብሎ አየና «በ9 አመት ማወቅ ማለት ነው እንጂ በ40 አይደለም» አለኝ። ገባው። አንድ ያልጠየቅኩት ነበር፣ ከ30 አመት በኋላ ይሄን ሪደር የሚሰራ ይኖራል ወይ?

ሞገድ፦

በአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚነበብ ታግ አትቅበሪ፣ ዋናው መልስ እሱ ነው። ጄን 2 የሚባለው የዩኤችኤፍ ስታንዳርድ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፣ የተለያየ ሰው የሰራው ሪደር የተለያየ ሰው የሰራውን ታግ ያነባል። ኮይልና ካፓሲተር ብቻ ያለው ደግሞ ስታንዳርድም አያስፈልገውም፣ ፍሪኩዌንሲ መለካት የሚችል ማንኛውም መሳሪያ ያገኘዋል። የእያንዳንዱን ታግ ቁጥር፣ ጥልቀቱን፣ የመጀመሪያ ቀን ንባቡን ከድልድዩ ድሮዊንግ ጋር አንድ ላይ አስቀምጪ፣ ንባብ ያለ መነሻው ትርጉም የለውም።

የፌሮ_ልጅ፦

ቤተሰብ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፣ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ወደ ድልድዩ ከመሄዴ በፊት መሞከሪያ ብሎክ ሞላሁ፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሴንቲ፣ በሁለቱም ፊት የፌሮ መረብ አስገባሁበት፣ 8 ቀጫጭን ታግ በተለያየ ጥልቀት፣ ጋሼ እንዳሉት በጎናቸው አቁሜ በፕላስቲክ ስፔሰር ከፌሮው አራቅኳቸው። ካዛፎርማው ውስጥ ታስረው ሳነብ 8ቱም መለሱ። ሙሌቱ እንዳለቀ 3 ብቻ ቀሩ፣ ሞገድ ቀድመህ ባትነግረኝ ኖሮ ያን ቀን እጄን ኮንክሪቱ ውስጥ ከትቼ ሁሉንም አወጣቸው ነበር። በሳምንቱ 5 ሆኑ፣ በ28ኛው ቀን 7፣ ሪደሩን ፊቱ ላይ አስጠግቼ ማለት ነው። የእርጥበቱ ንባብም ከቀን ወደ ቀን ሲወርድ አየሁት፣ ከፊቱ አጠገብ ያሉት ቶሎ፣ ጠልቀው ያሉት ቀስ ብለው።

ስምንተኛው ግን ጭራሽ ዝም አለ። በ35ኛው ቀን ብሎኩን በመዶሻና በመሮ አፈረስነውና በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ታጉ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም። ፌሮውን ካሰሩበት የማሰሪያ ሽቦ ትርፍ ጫፉ ታጥፎ አንቴናው ላይ ተጋድሞ ነበር፣ የጣት ርዝመት እንኳን አይሆንም፣ በሙሌቱ ጊዜ ኮንክሪቱ ገፍቶ ያጋደመው ይመስለኛል። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩትና ሪደሩን አስጠጋሁ፣ ወዲያው ቁጥሩን ነገረኝ። ኮንክሪት ገና ተጣብቆበት ነበር።

አሁን የማሰሪያ ሽቦ ጫፍ በሙሉ ከታጎቹ በተቃራኒ ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ ድሮዊንጉ ላይ አስገብቼዋለሁ። ዝገት_አዳኝ፣ የሽቦዎቹን ውፍረት ለመወሰን በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ፣ ሙሌቱ በሚቀጥለው ወር ነው።